የጓዳ ጨለማና የሻጋታ ዓይን

በቂርቆስና በካዛንቺስ ሠፈር ጠላ ጠምቀው፣ ጠጅ ጥለው፣ በዚያም ልጆቻቸውን አሳድገው ያስተማሩ እናቶች፣ ከብቅሉና ከጌሾው መልካምነት ባላነሰ አጥብቀው ያስቡበት የነበረው ነገር ጋኑ የሚቀመጥበት ስፍራ ነበር፤ ይኸውም ስፍራ ከቤቱ ሁሉ ወደ ውስጥ የገባ፣ መስኮት የሌለው፣ በሩ በመጋረጃ የተሸፈነ፣ ግድግዳው በጢስ ብዛት የጠቆረ ጓዳ ሲሆን፣ በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነው ጋን በጥጉ ከተተከለ በኋላ አፉ በጨርቅ ታስሮና በጭቃ ተመርጎ፣ ጠላው እስኪደርስ ድረስ ማንም እንዳያየው ይደረግ ነበር። በልጅነታችን ያንን መጋረጃ እንዳንገልጥ ስንከለከል የሚሰጠን ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ዓይን ያየው ጠላ ይበላሻል የሚል።

እኒያ እናቶች ዓይን ሲሉ የሰው ዓይን ማለታቸው ነበር። እኔም ይህን አባባል እንደ ተራ ልማድ ቆጥሬ ብዙ ዘመን ከኖርሁ በኋላ፣ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ስለ ፈንገስ ወገን፣ ማለት ስለ ሻጋታ፣ ስለ እርሾና ስለ እንጉዳይ የጻፉትን ባነብብ፣ በጓዳው ውስጥ በእውነት ዓይን እንደነበረ፣ ነገር ግን ያ ዓይን ከደጅ የሚገባው እንግዳ ሳይሆን የሻጋታው የራሱ እንደሆነ ተረዳሁ። ስለዚህ የአንድን ሠፈር ጓዳ ታሪክና የአንድን ረቂቅ ፍጥረት ጠባይ አስተባብሬ ልጽፍ ወደድሁ፤ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ናቸውና።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ኢንቺስ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 በኢጣልያ የተቋቋመው የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ድርጅት፣ የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቹ መኖሪያ የሚሆኑ ቤቶችን ከምኒልክ ቤተ መንግሥት በታች ባለው ተዳፋት ላይ ስለሠራ፣ ካዘ ኢንቺስ፣ ማለት የኢንቺስ ቤቶች፣ የተባለው በሕዝቡ አንደበት ተሞርዶ ካዛንቺስ ሆነ፤ እንዲሁም ለተራው ሠራተኛ የተሠሩት ካዛ ፖፖላሬ ተብለው፣ በቂርቆስ በኩል ያለው ሠፈር እስከ ዛሬ ፖፖላሬ እየተባለ ይጠራል። የቂርቆስ ስም ግን ከዚህ ሁሉ ጋር ዝምድና የለውም፤ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር በሦስት ዓመቱ ሰማዕትነትን የተቀበለው የሕፃኑ የቅዱስ ቂርቆስ ነው።

በተዳፋቱ ራስ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ደግሞ ከኢጣልያ ወረራ አስቀድሞ የታወቀ የጠጅ አገር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከየአውራጃው የሚገባው የማር ግብር ለብቻው ሹም በተሾመለት ጠጅ ቤት እየተበጠበጠ፣ በግብር ቀን በአዳራሹ ለሚሰበሰበው በሺህ ለሚቆጠር ሠራዊትና ባላገር ይቀርብ ስለነበር፣ ጠጅ መጣልን ሙያቸው ያደረጉ ሴቶች በግቢው ዙሪያ መብዛታቸው የሚያስደንቅ አልነበረም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ጠላቶች ለራሳቸው የሠሯቸውን ቤቶች ኢትዮጵያውያን ገቡባቸው። ቤቶቹ ከፊትም ከኋላም መስኮት የተቀደደላቸው፣ በአትክልት የተከበቡ፣ ብርሃንና ነፋስ እንደ ልብ የሚገባባቸው ነበሩ፤ ነገር ግን ጓዳ አልነበራቸውም። ስለዚህ እመቤቲቱ ሳሎኑን ለእንግዳ፣ መኝታ ቤቱን ለባሏ ትታ፣ ጋኗን ይዛ ከኋላ ወዳለው ሰርቪስ ቤት ገባች፤ የሰርቪሱንም ትንሽ መስኮት በቆርቆሮ ወይም በጆንያ ደፈነችው። በየቪላው አጥር ሥርና በየወንዙ ዳር የበቀሉት የጭቃ ቤቶች ደግሞ ሲሠሩ ጀምሮ ከነጓዳቸው ተሠሩ። የጠላ ቤቱ፣ የጠጅ ቤቱና የአዝማሪ ቤቱ ስም ካዛንቺስን በመላው አገር ያስጠራት ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ ጓዳው ልመለስ። የጠላን አሠራር ከመጀመሪያው ጀምሮ በማስተዋል ለሚከታተል ሰው፣ ሥራው ሁሉ በብርሃንና በጨለማ መካከል የሚመላለስ መሆኑ ይታየዋል። ገብሱ ተነክሮ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ተሸፍኖ ሲበቅል ፀሐይ አያይም፤ ከበቀለ በኋላ ግን በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ እስኪጠግብ ይደርቃል። ጌሾውም ቅጠሉ በፀሐይ ደርቆ ይወቀጣል። ከዚያ በኋላ ብቅሉና ጌሾው ከውሃ ጋር ተገናኝተው ጥንስስ ሲሆኑ፣ ጥንስሱም እንኩሮው ተጨምሮበት ድፍድፍ ሲሆን፣ ነገሩ ሁሉ እንደገና ወደ ጨለማ ይመለሳል። ጠጁም እንዲሁ ነው፤ ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ብርዝ ከሆነና ጌሾ ከተጨመረበት በኋላ፣ የሚፈላው ተሸፍኖ ነው። በአንጻሩ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ለክረምት የሚቀመጠው እህል ሁሉ በየግቢው እየተሰጣ ዶሮና ሕፃን ይጠብቀው ነበር። ይህን ሥርዓት በአንድ ቃል ላስረዳ ብል፣ እየኖረ የሚሠራው ወደ ጨለማ፣ ደርቆ የሚቆየው ወደ ፀሐይ፤ እናቶቻችን ይህን የመሰለውን ልዩነት ከየትኛውም መጽሐፍ ሳያነብቡ ለይተው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከመቅደስ ሥርዓትም ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ ሲገባ ብርሃኑ እየቀነሰ መጋረጃው እየበዛ እንደሚሄድ፣ የመሥዋዕቱም ኅብስት በምሥራቅ በኩል ተለይታ በተሠራችው በቤተ ልሔም ሕዝብ ሳያየው እንደሚዘጋጅ፣ የካዛንቺስም ቤት ከደጃፉ ወደ ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ ወደ ጓዳው እየጨለመ ይሄድ ነበር። ወር በገባ በ15 የቂርቆስን ማኅበር የሚጠጡት ሴቶች ጽዋው ተራ የደረሳት ባልንጀራቸው ጓዳ ማንም ሳይጠራው የማይገባበት መሆኑን ያከብሩ የነበረው፣ ይህ ክብር በልባቸው ስለነበረ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ሻጋታው ዓይን እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ ሞቃትና እርጥብ በሆነ የበጋ ወራት፣ በፓሪስ ለወታደሮች የሚጋገረውን ዳቦ ብርቱካን መልክ ያለው ሻጋታ ወረረው፤ ነገሩን እንዲመረምሩ የታዘዙት ሊቃውንትም በ1843 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሻጋታው ዘር ብርቱ ሙቀት የሚችል መሆኑንና ቀለሙም በብርሃን የሚጸና መሆኑን ገለጹ። ይኸው ወገን በጃቫ ደሴት ኦንቾም የሚባለውን ምግብ ለመሥራት ሆን ተብሎ የሚዘራ ነው፤ አንዱ አገር እንደ መቅሠፍት የቆጠረውን ሌላው አገር እንደ እርሾ ይጠብቀዋል። ሊቃውንት ኒውሮስፖራ ብለው የሰየሙት ይህ ሻጋታ፣ በቢድልና በታተም እጅ እ.ኤ.አ. በ1941 የጂንን ሥራ ለመመርመር ዋና መሣሪያ ሆኖ፣ ሁለቱን በ1958 ለኖቤል ሽልማት አበቃቸው።

ጂን፣ በእኛ አገር ሊቃውንት አጠራር ዘረ መል፣ ምን እንደሆነ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። መጻሕፍተ ቅዱሳት ሁሉ በዕቃ ቤቱ ሳጥን ተሟልተው ይገኛሉ፤ ነገር ግን በአንድ ዕለት የሚነበበው ሁሉም አይደለም፤ ዛሬ ይህ ምዕራፍ፣ ነገ ያ ምዕራፍ ይነበብ ብሎ የሚወስነው ግጻዌው ነው። በኒውሮስፖራም ሕዋስ ውስጥ 10,000 ያህል ጂኖች ተጽፈው ይኖራሉ፤ ብርሃን ሲመጣ ወይም ሲሄድ ግን አንዳንዱ ምዕራፍ ይገለጣል፣ አንዳንዱ ይከደናል። ለሻጋታ ብርሃን ግጻዌው ነው።

ይህ እንዴት እንደሚፈጸም የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። በብርሃን መልኩን የማይለውጥ፣ ዘሩ ብርቱካን ሆኖ ድሩ ነጭ የሚቀር፣ ነጭ አንገትጌ ያለው የሚመስል የኒውሮስፖራ ዓይነት ተገኝቶ ነበርና፣ የጎደለው ጂን ነጭ አንገትጌ ተባለ፤ ፓኦላ ባላሪዮና ጁዜፔ ማቺኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሮማ እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያውን ለይተው አወጡት፤ ሁለተኛውም በዓመቱ ተከተለ። በ2002 ደግሞ በአሜሪካ የሚሠሩ ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ ከዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ራሱ ዓይኑ መሆኑን አረጋገጡ። ፕሮቲኑ ከቪታሚን ቢ2 ወገን የሆነ፣ ፍላቪን የሚባል ቅመም ታቅፎ ይኖራል፤ ሰማያዊ ብርሃን ፍላቪኑን ሲመታው ፕሮቲኑ መልኩን ይለውጥና፣ ከጓደኛው ከሁለተኛው ነጭ አንገትጌ ጋር ተጣምሮ በዲ ኤን ኤው ላይ በተወሰኑ ስፍራዎች ቆሞ ጂኖቹን ያስነብባል። የመጀመሪያዎቹ ጂኖች ንባባቸው የሚጎላው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ ሌሎቹ ዘግየት ብለው ይከተላሉ፤ ብርሃኑ ከቆየ ደግሞ ቪቪድ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ተሠርቶ ነገሩን ያበርደዋል፤ ዓይናችን ከጨለማ ወጥቶ ፀሐይን እንደሚለምድ ማለት ነው።

ሻጋታው ይህን ሁሉ የሚያደርገው በከንቱ አይደለም። ድሩ በዳቦው ወይም በእንጀራው ውስጥ ተሰውሮ ሲኖር የሚያየው ጨለማ ነው፤ ብርሃን ካየ ወደ ላይ ወደ ገጹ እንደወጣ፣ ነፋስ ዘሩን ሊወስድለት እንደሚችል፣ እንዲሁም ፀሐይ ሊያቃጥለው እንደቀረበ ያውቃል። ስለዚህ ወዲያው ካሮት ውስጥ ያለውን የመሰለ ቀለም እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ዘሩንም ያዘጋጃል። በፍጹም ጨለማ ቢኖር እንኳ በውስጡ የራሱ ሰዓት አለው፤ በ22 ሰዓት ገደማ አንድ ቀን እየቆጠረ ይኖራል፤ የፀሐይ መውጣት ሰዓቱን ያቃናለታል።

ሊቃውንት ብርሃኑን በየቀለሙ ከፍለው ሲፈትኑት ያገኙትን ነገር ሳነብ፣ በአእምሮዬ የመጣብኝ በካዛንቺስ ዳር የቆመው የአፍሪካ አዳራሽ ነበር። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በዚያ ሕንፃ፣ አፈወርቅ ተክሌ በ150 ካሬ ሜትር ላይ የሠሩት የመስታወት ሥዕል ነጩን የጠዋት ፀሐይ ተቀብሎ በወለሉ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ አድርጎ ያፈሰዋል። ኒውሮስፖራ በዚያ ወለል ላይ ቢቀመጥ፣ በሰማያዊው ነጸብራቅ ሥር ነቅቶ በቀዩ ሥር እንደተኛ ይቀራል፤ ቀይ ለእርሱ እንደ ጨለማ ነውና፣ መርማሪዎቹም በቀይ መብራት ሥር ሆነው ሳይቀሰቅሱት ይሠራሉ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ኩራዝን አስታወስሁ። እናቶቻችን ወደ ጓዳ ሲገቡ የሚይዙት ኩራዝ ነበር፤ የኩራዝም ነበልባል ቀላ ያለና ቢጫ፣ ሰማያዊ ብርሃን እጅግ ያነሰው ነው። በኋላ ዘመን ሠርጉ ወይም ተዝካሩ ቢያጣድፋቸው፣ የመብራት አምፖል በጓዳ እንዲሰቀል የማይወድዱ አረጋውያት ነበሩ፤ ድፍድፉን በኩራዝ ጎብኝተው፣ በጣታቸው ቀምሰው፣ በጆሯቸው ፍላቱን አዳምጠው ይመለሱ ነበር። ስለ ፍላቪን ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም። የሚበልጠውንም ጥበቃ ያደረገው ምርጊቱ ነው፤ ነፋስ የማይገባበት ጋን ሻጋታ አያገኘውምና። ነገር ግን በልማዳቸው ይዘውት የገቡት ብርሃን፣ ከብርሃን ሁሉ ለሻጋታው ዓይን የማይታየው መሆኑ ልብን ደስ ያሰኛል።

የሚያሳዝነው ሁሉም ሻጋታ እንደ ኒውሮስፖራ አለመሆኑ ነው። አስፐርጊለስ የተባለው ወገን ቀዩንም ብርሃን የሚያይበት ሌላ ፕሮቲን አለው፤ ከዚህም በላይ በጨለማ የሚሠራው ሥራ ለሰው የሚያስፈራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኬፈር የተባሉ ተመራማሪ የገለጹት ቬልቬት የሚባል ጂን አለ፤ የዚህ ጂን ፕሮቲን በብርሃን ጊዜ ከሕዋሱ አስኳል ውጭ ይበዛል፤ ሲጨልም ግን ወደ አስኳሉ ይገባና፣ በጀርመን የጌቲንገን ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 እንዳስረዱት፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የመርዝና የመሰል ቅመሞችን ጂኖች ያስነሣል። አፍላቶክሲን የሚባለውና ጉበትን የሚጎዳው መርዝ፣ ይህ ፕሮቲን ከሌለ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር 100,000 ያህል ቱርክ ዶሮዎችን የፈጀው ይኸው መርዝ በተበከለ ለውዝ ውስጥ ነበር፤ በእኛም አገር በለውዝ፣ በበርበሬና ለላም በሚሰጠው በኑግ ፋጉሎ ውስጥ ተገኝቷል። በርበሬ ሳይደርቅ በጆንያ ታጭቆ በጨለማ መጋዘን ሲከማች ማየት የሚያስቆጣኝ ስለዚህ ነው። ጓዳ ለጋን እንጂ ለእርጥብ እህል አልተሠራም፤ እህሉን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ያሰጡ የነበሩት ሴቶች ልዩነቱን የዛሬው ነጋዴ ከሚያውቀው አብልጠው አውቀውታል። እርግጥ ፀሐዩ የሚያድነው ከሁሉ በፊት በማድረቁ ነው።

እርሾው ራሱስ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት የጠጅ ጥናት ከፍተኛውን ስፍራ ይዞ ያገኙት ሳካሮማይሲስ፣ ዳቦንና ወይንን የሚያፈላው የታወቀው እርሾ፣ ነጭ አንገትጌ የሚባለው ዓይን የለውም፤ ዕውር ነው። ነገር ግን ዕውር ሰው ፀሐይ በፊቱ ላይ ስትወርድ ሙቀቷን እንደሚያውቅ፣ እርሾውም ብርሃንን በጉዳቱ ያውቀዋል። በስዊድን በጎተንበርግ ያሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገለጹት፣ ሰማያዊ ብርሃን በእርሾው ሕዋስ ውስጥ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የተባለውን የሚያቃጥል ቅመም ያስገኛል፤ እርሾውም ያንን ቀምሶ የመከራ ጊዜ ጂኖቹን ያስነብባል። በጨለማው ጋን ውስጥ ያለ እርሾ ይህ ጭንቀት አይደርስበትም።

ከጠላና ከጠጅ ጎን ቢራም በዚህ አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው፤ በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ከሜክሲኮ አደባባይ ሩቅ አይደለም። ቢራ በቡናማ ጠርሙስ የሚቀመጠው፣ በውስጡ ያለው ያው ቪታሚን ቢ2 ብርሃንን ተቀብሎ የሆፕሱን መራራ ቅመም ስለሚሰብረውና መጥፎ ሽታ ስለሚያመጣ ነው። ጠጅ ጌሾ እንጂ ሆፕስ ስለሌለው ይህ አያሰጋውም፤ ስለዚህም ይመስላል ከጓዳው ከወጣ በኋላ፣ ጥራቱ ይታይ ዘንድ፣ ጠርቶ በሚያበራ ብርሌ የሚቀርበው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ መላኩ በላይ ያቀኑት ፈንዲቃ የአዝማሪ ቤትም ከፈረሱት አንዱ ነበር። በዚያ ሰሞን በሠፈሩ ሳልፍ ጣሪያቸው ተነሥቶ ግድግዳቸው ገና የቆመ ቤቶችን አየሁ፤ የሳሎኑ ቀለም ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጓዳ ግን እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ የቀትር ፀሐይ ሞልቶበት፣ ጋኑ የተቀመጠበት ክብ ስርጉድ በወለሉ ላይ እንዳለ ይታይ ነበር።

ወደ ገላን ጉራ ከተዛወሩት መካከል የማውቃቸው አንዲት እናት፣ በአዲሱ ቤታቸው ሦስት መስኮት እንዳለ በምስጋና ከነገሩኝ በኋላ፣ ጋኑን ማምጣት ስላልተቻለ ጠላውን በፕላስቲክ በርሜል ሊጠምቁ ማሰባቸውንና ስፍራ ግን ማጣታቸውን አጫወቱኝ። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነበር፤ የማኅበር ጠላ በዚያ መቀመጡን ኅሊናቸው አልፈቀደም። በመጨረሻ ከበሩ በስተኋላ ባለችው ጥግ በርሜሉን አቁመው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው፣ በፊቱ አንሶላ ጋረዱ፤ ለጥር 15 የቂርቆስ በዓልም ደረሰላቸው።